ወርቅ አለው የተባለ ድንጋይ፦ የላቦራቶሪ ወረቀት ምን ይነግረናል?

ጎንደር ላይ የሚገኝ ተራ ጥቁር ድንጋይ ተፈጭቶ ላቦራቶሪ ቢገባ፣ ከክብደቱ በግምት አንድ አሥረኛው ብረት ሆኖ ይገኛል። የፋሲል ግንብ የተገነባበት ድንጋይም ከዚሁ ወገን ነው። በአንድ ቶኑ ውስጥ መቶ ግራም ገደማ መዳብ ሊኖር ይችላል። ረቂቅ መሣሪያ ከተገኘ የወርቅ ርዝራዥ እንኳ አይታጣበትም። ሆኖም ከዚህ ድንጋይ ብረት ወይም መዳብ አወጣለሁ ብሎ የሚቆፍር የለም። ለምን እንደሌለ የተረዳ ሰው የማዕድን ወሬ በሰማ ቁጥር በቀላሉ አይወናበድም።

ወሬው ደግሞ በዝቷል። የወርቅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ በፌስታል ጠቅልሎ ባለሙያ የሚፈልግ፣ "ላቦራቶሪ አረጋግጦታል" የሚል ወረቀት ይዞ ሸሪክ የሚያፈላልግ ሰው ይበዛል። ወረቀቱ ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል። ቁጥሩም ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ትክክለኛ ቁጥር ይዞም የተሳሳተ ውሳኔ ላይ መድረስ ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የሚናገረው ከረጢት ውስጥ ስለገባው ናሙና ነው። ስለ ተራራው የሚናገረው ናሙናው በትክክል ተራራውን ከወከለ ብቻ ነው። ከብት ሸጦ ወይም እርሻውን አስቆፍሮ ድርሻ ለመግባት የሚያስብ ሰው ይህን ልዩነት ሳያውቅ ፊርማውን እንዲያኖር አልፈልግም።

ይዘቱ ዝቅተኛ ነው ሲባል ምን ያህል ነው?

በማዕድን ሥራ "ይዘት" ማለት ከአንድ መጠን ድንጋይ ውስጥ የሚፈለገው ነገር ስንት እጅ እንደሆነ ነው። ብረትና መዳብ በመቶኛ ይለካሉ። ወርቅ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ በመቶኛ መናገሩ አይመችም፤ የሚነገረው በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ባለው ግራም ነው። አንድ ቶን አንድ ሚሊዮን ግራም በመሆኑ "በቶን 1 ግራም" ማለት ከሚሊዮን አንድ እጅ ማለት ነው። በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ "ፒፒኤም" የሚለው መለኪያም ይህንኑ ይናገራል። "ፒፒቢ" የሚል ከተጻፈ ደግሞ ከቢሊዮን አንድ እጅ ነው፤ 1000 ፒፒቢ 1 ፒፒኤም ይሆናል። እነዚህን ሁለቱን አምታትቶ ማንበብ ይዘቱን አንድ ሺህ ጊዜ ማጋነን ነው፤ ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን ማየት ይገባል።

በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው የወርቅ አማካይ መጠን በቶን 0.004 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በቶን 1 ግራም የያዘ ድንጋይ ከአማካዩ 250 እጥፍ የበለጸገ ነው፤ ቢሆንም በዓይን ሲታይ ከጎረቤቱ ድንጋይ አይለይም። በትልልቅ ክፍት ጉድጓዶች፣ በግዙፍ ማሽን፣ በቶን 1 ግራም አካባቢ የሚያወጡ ኩባንያዎች አሉ። በስዊድን የሚገኘው የአይቲክ ማዕድን ደግሞ መዳብ የሚያወጣው ይዘቱ 0.2 በመቶ ገደማ ከሆነ ድንጋይ ነው። ይህን ያህል ዝቅ ያለ ይዘት የሚያዋጣው ሥራው በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቶን ድንጋይ ስለሚያነሣ ነው። በዶማና በአካፋ የሚሠራ ማኅበር ይህንኑ ድንጋይ ቢያገኝ ለቀን ምግቡ እንኳ አይበቃውም። ከዚህ በታች አያዋጣም የሚባለው ወሰን በድንጋዩ ላይ አልተጻፈም፤ ከዋጋው፣ ከማውጫው ዘዴ፣ ከመንገዱ፣ ከመብራቱና ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ ይላል።

አንድ ሌላ መደናገር እዚህ ላይ መጥራት አለበት። ወርቅ ሻጮች "92 በመቶ ነው"፣ "21 ካራት ነው" ሲሉ የሚናገሩት ተጣርቶ የተገኘው ወርቅ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ነው። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 18 ካራት ከአራት እጁ ሦስቱ ወርቅ ነው። ይህ ከድንጋዩ ይዘት ጋር አይገናኝም። በቶን ግማሽ ግራም ብቻ ካለው ድንጋይ 95 በመቶ ንጹሕ የሆነ ወርቅ ሊወጣ ይችላል። "የዚህ ተራራ ወርቅ 95 በመቶ ነው" የሚል ሰው ስለ ተራራው ምንም አልነገረንም።

በዓይን የማይታይ ወርቅ እንዴት ይታወቃል?

በወንዝ ዳር በገበቴ እያጠቡ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ጥበባቸው የተመሠረተው ወርቅ ከባድ በመሆኑ ላይ ነው፤ ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ፣ ነጩ የኳርትዝ ድንጋይ ግን 2.65 እጥፍ ብቻ ይከብዳል። ውሃው አሸዋውን ሲጠርግ ወርቁ ከሥር ይቀራል። ዘዴው ግሩም ነው፤ የሚያገለግለው ግን ከድንጋዩ ተላቅቆ በቅንጣት መልክ ላለ ወርቅ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ ካርሊን አጠገብ የተገኘው የወርቅ ክምችት ይህን በደንብ ያሳያል። ወርቁ እጅግ የደቀቀ በመሆኑ በገበቴ አጥቦ ያየው ሰው ምንም አላገኘም ብሎ ያልፈዋል። መኖሩ የታወቀው በኬሚካል ምርመራ ነው። ከ1965 ጀምሮ ሲወጣ ቆይቶ አካባቢው ከዓለም ትልልቅ የወርቅ ምድሮች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ተቃራኒውም አለ። ፓይራይት የሚባለው የብረትና የድኝ ውህድ ከወርቅ ይልቅ ደምቆ ያብለጨልጫል፤ ብዙ ሰውም በእርሱ ይታለላል። በመዶሻ ሲመታ ይሰባበራል፤ ወርቅ ግን ይለጠጣል እንጂ አይሰበርም። ባልተቀባ ሸክላ ላይ ሲፈተግ ፓይራይት ወደ ጥቁር የሚያደላ መስመር ይተዋል፤ ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ናሙናው ከየት ነው የተነሣው?

ስለ ማዕድን ምርመራ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መሄድ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ይህን ክፍል ይያዝ።

ከመተማ የመጣ ሰሊጥ የጫነ መኪና ጎንደር መጋዘን ሲደርስ ጥራቱን የሚያወጣው ሰው ከላይ ካለው ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግኖ አይፈርድም። ከታችም ከላይም፣ ከፊትም ከኋላም ካሉ ጆንያዎች ይወስዳል፤ ያንን ይቀላቅላል፣ ለሁለት ይከፍላል፣ ግማሹን መልሶ ይቀላቅላል፣ ይከፍላል። በመጨረሻ እጁ ላይ የቀረችው ጥቂት ሰሊጥ መኪናውን ሙሉ ትወክላለች። ባለንብረቱ ራሱ መርጦ ያመጣውን ናሙና ግን ገዢው አይቀበልም።

ድንጋይ ላይ ግን ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። አንድ ሰው ተራራ ወጥቶ፣ ከሁሉ ያማረውን፣ ነጭ ጅማት ያለበትን፣ ብልጭ የሚለውን ድንጋይ መርጦ ላቦራቶሪ ይልካል። ውጤቱ "በቶን 12 ግራም" ሊል ይችላል። ላቦራቶሪው አልዋሸም። ነገር ግን ያቺ ጅማት ስፋቷ አንድ ስንዝር፣ ርዝመቷም ጥቂት እርምጃ ከሆነ፣ ዙሪያዋን ያለው ድንጋይ ባዶ ከሆነ፣ ተራራው የወርቅ ተራራ አይደለም። እንዲህ ተመርጦ የሚወሰድ ናሙና ለጂኦሎጂስት "እዚህ አካባቢ መፈለግ ይገባል" የሚል ጥቆማ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሸክም አይችልም። ክምችት አለ ለማለት በተወሰነ ርቀት ቦይ እየተቆፈረ፣ ወደ ታች ደግሞ በመቦርቦሪያ ማሽን እየተወረደ፣ ባዶ የሚመስለውም ሳይቀር በሥርዓት ናሙና ይነሣል።

ናሙናው በሐቀኝነት ቢነሣም ወርቅ ራሱ አስቸጋሪ ነው። እስቲ እናስላው። ድንጋዩ በእርግጥም በቶን 1 ግራም ወርቅ አለው እንበል። ላቦራቶሪው በአንድ ጊዜ የሚፈትነው ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ዱቄት ነው። በዚህ ዱቄት ውስጥ ሊኖር የሚገባው ወርቅ 30 ማይክሮግራም ይሆናል፤ አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፋይ ነው። ወርቁ ደግሞ በሁሉም ጎኑ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር በሆኑ ቅንጣቶች የተበተነ ከሆነ፣ አንዷ ቅንጣት ብቻዋን 19 ማይክሮግራም ያህል ትመዝናለች። ስለዚህ በ30 ግራም ውስጥ በአማካይ የሚደርሰው አንድ ተኩል ቅንጣት ነው። ቅንጣት ደግሞ ተከፍላ አትገባም። አንዲት ከገባች ውጤቱ በቶን 0.64 ግራም ይላል፤ ሁለት ከገቡ 1.3፣ ሦስት ከገቡ 1.9 ይላል። ምንም ካልገባ ዜሮ ነው። በዕድል ስሌት ሲታይ ከአምስት ናሙናዎች አንዱ ገደማ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ድንጋዩ አንድ፣ ላቦራቶሪው አንድ፣ መሣሪያው አንድ፣ ውጤቱ ግን ከዜሮ እስከ ሁለት እጥፍ ይዋዥቃል።

ስለዚህ በአንድ ናሙና ውጤት የሚደሰትም የሚያዝንም ሰው ይቸኩላል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ብዙ ናሙና መውሰድ፣ እንዲሁም ከመከፈሉ በፊት አድቅቆ መፍጨት። ቅንጣቷ ባነሰች ቁጥር ወርቁ በዱቄቱ ውስጥ እኩል ይሠራጫል። ወርቅ ግን እንደ ድንጋይ አይፈጭም፤ ወፍጮው ውስጥ ይጠፈጠፋል። ትላልቅ ቅንጣት እንዳለበት ከተጠረጠረ ጥሩ ላቦራቶሪ አንድ ኪሎ ያህል ዱቄት በረቂቅ ወንፊት ይነፋል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሙሉ በሙሉ፣ ያለፈውን ደግሞ ከፍሎ ለየብቻ ይፈትናል። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ለእንዲህ ያለው ድንጋይ ሌላ አስተማማኝ መንገድ የለም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ናሙናው መጀመሪያ ይደርቃል፤ እርጥብ ድንጋይ ቢመዘን ውሃውም ከድንጋዩ ክብደት ጋር ይቆጠራልና። ከዚያ ይደቅቃል፣ ይከፈላል፣ አብዛኛው ክፍሉ ቀዳዳው 75 ማይክሮን በሆነ ወንፊት እስኪያልፍ ድረስ ይፈጫል፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፋይ ነው። በጣት ሲዳሰስ እንደ ጥሩ ጤፍ ዱቄት ይልማል።

ለወርቅ እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ በላይ የሚታመነው ምርመራ በእሳት የሚደረገው ነው። ወርቅ በእሳት ይፈተናል ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም፤ መሠረታዊ አሠራሩ ሺህ ዓመታት የቆየ ሲሆን ዘመናዊው ላቦራቶሪ ሚዛኑንና ምድጃውን አሻሻለ እንጂ ሐሳቡን አልለወጠም። የድንጋዩ ዱቄት ከእርሳስ ኦክሳይድ፣ ከሶዳ፣ ከቦራክስና ከጥቂት ተራ የስንዴ ዱቄት ጋር ይደባለቅና በሸክላ ማቅለጫ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወደሚግል ምድጃ ይገባል። ሶዳውና ቦራክሱ ድንጋዩን እንደ መስታወት ያቀልጡታል። የስንዴው ዱቄት ሲቃጠል ኦክስጅኑን ከእርሳስ ኦክሳይዱ ላይ ይወስድና ንጹሕ እርሳስ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ይፈጠራል። እነዚህ ጠብታዎች በቀለጠው ድንጋይ ውስጥ እየዘነቡ ሲወርዱ በመንገዳቸው ያገኙትን ወርቅና ብር እየሰበሰቡ ከሥር ይጠራቀማሉ። በዚህ የተነሣ የድንጋዩ ጠባይ ምንም ይሁን ምን፣ በሚገባ ከቀለጠ ወርቁ መደበቂያ አያገኝም።

ቀዝቅዞ ሲሰበር ከሥር የእርሳስ እንክብል ይገኛል። ይህ እንክብል ከአጥንት አመድ ወይም ከማግኒዥየም ኦክሳይድ በተሠራ ትንሽ ጽዋ ላይ ተቀምጦ እንደገና ወደ 950 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። እርሳሱ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ወደ ጽዋው ይሰርጋል፤ ወርቅና ብር ግን አይሰርጉም። መጨረሻ ላይ አንዲት ደቃቅ ጠብታ ትቀራለች። ብሩ በናይትሪክ አሲድ ሲሟሟ ወርቁ ብቻ ይተርፋል። ይዘቱ ከፍተኛ ከሆነ በረቂቅ ሚዛን ይመዘናል። ዝቅተኛ ይዘት ባለው ድንጋይ ግን ጠብታዋ ለሚዛን የማትበቃ ስለሆነች በአኳ ሬጂያ፣ ማለትም በሃይድሮክሎሪክና በናይትሪክ አሲድ ድብልቅ፣ ተሟሙታ በመሣሪያ ትነበባለች።

የመሣሪያው ሐሳብ ሲገባን ያምራል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆነ የብርሃን ቀለም አለው፤ ሲግል ያንን ቀለም ይረጫል፣ በትነት መልክ ሲሆን ደግሞ ያንኑ ቀለም ይውጣል። ውስጡ ወርቅ ያለበት አምፖል የሚረጨውን ብርሃን የሟሟው ናሙና በሚነድበት ነበልባል ውስጥ ስናሳልፈው፣ የጎደለው ብርሃን ስንት ወርቅ እንዳለ ይነግረናል። ለወርቅ የሚመረጠው ብርሃን በዓይን አይታይም፤ የሞገድ ርዝመቱ 242.8 ናኖ ሜትር ነው። ይህን አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባል ዘዴ በ1950ዎቹ ለምርመራ ሥራ ያበቃው በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው አለን ዋልሽ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የፕላዝማ መሣሪያዎች ናሙናውን ከ6000 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ የአርጎን ጋዝ ውስጥ በመርጨት በአንድ ጊዜ በርካታ ንጥረ ነገሮችን ያነብባሉ።

"ብረት አለው" ማለት "ብረት ይወጣዋል" ማለት ነው?

አይደለም። የጎንደሩ ጥቁር ድንጋይ ታሪክም እዚህ ላይ ነው። ብረቱ አለ፤ ግን አብዛኛው ፓይሮክሲንና ኦሊቪን በሚባሉ ማዕድናት ውስጥ ከሲሊካ፣ ማለትም ከሲሊከንና ከኦክስጅን ውህድ፣ ጋር ተቆራኝቶ ነው ያለው። ይህን ቁራኝነት ለመፍታት የሚጠይቀው ጉልበት ከሚገኘው ብረት ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል። የብረት ማዕድን ተብለው የሚቆፈሩት ሄማታይትና ማግኔታይት ግን ብረታቸው ከኦክስጅን ጋር ብቻ የተያያዘ ነው፤ ንጹሕ ሲሆኑ ከክብደታቸው 70 በመቶ ያህሉ ብረት ነው፣ በከሰል እሳትም ይለቃሉ። በድሮ ጊዜ በከሰልና በወናፍ ብረት ያቀልጡ የነበሩ ሰዎች ኬሚስትሪ ባይማሩም ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር፤ ለምድጃቸው ብረት የበዛበትን ከባድ ድንጋይ ይመርጡ ነበር እንጂ የቤት መሥሪያውን ድንጋይ አይጨምሩም።

ስለዚህ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ናሙናው በምን እንደሟሟ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ጭምር በአራት አሲዶች የሟሟ ድንጋይ ሲሊካው ስለሚፈርስ ውስጡ ያለውን ሁሉ ለማለት ይቻላል ያወጣል። በአኳ ሬጂያ ብቻ የሟሟ ድንጋይ ግን ሲሊካው ስለማይፈርስ የተወሰነውን ብቻ ይሰጣል። የአንድ ድንጋይ ሁለት ወረቀት የተለያየ የብረት ወይም የኒኬል ቁጥር ቢይዝ አንዱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

በወርቅም እንዲሁ ነው። የእሳት ምርመራ ሁሉንም ወርቅ ይቆጥራል። ፋብሪካ ግን ወርቁን የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ሳያናይድ በሚባል ወርቅን በሚያሟሟ መርዛማ ኬሚካል ነው። ወርቁ በፓይራይት ወይም አርሰኒክ ባለበት ማዕድን ሆድ ውስጥ ከተቀበረ ሳያናይዱ አይደርስበትም፤ ወረቀቱ "በቶን 3 ግራም" ቢልም የሚወጣው ከግማሽ በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሀብት ከእሳቱ ምርመራ ጎን የሳያናይድ ሙከራም ያሠራል።

በእጅ የሚያዘው፣ ሽጉጥ የሚመስለው መሣሪያስ?

ይህ በኤክስሬይ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ድንጋይ ላይ ተደግኖ ሲጫን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የንጥረ ነገሮችን ዝርዝር ያወጣል። ለብረት፣ ለማንጋኒዝ፣ ለዚንክ፣ ለእርሳስና ለመዳብ መልካም ረዳት ነው፤ የጌጣጌጥ ወርቅ ጥራት ለማየትም ይጠቅማል። በድንጋይ ውስጥ በቶን በጥቂት ግራም ለሚገኝ ወርቅ ግን አይታመንም። የሚያየው የድንጋዩን ገጽ ብቻ ነው፤ ጥልቀቱ ከሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፣ ስፋቱም ከጥፍር አይበልጥም። ዚንክ፣ ተንግስተንና አርሰኒክ የሚሰጡት ምልክት ከወርቅ ምልክት ጋር ስለሚቀራረብ ያልነበረ ወርቅ ሊያሳይም ይችላል። በማያ ገጹ ላይ "ወርቅ" የሚል ጽሑፍና ቁጥር አንሥቶ በስልክ የሚያሳይ ሰው ካለ፣ ያ ፎቶ ለወርቅ ግዢ ውል ማስረጃ አይሆንም።

ላቦራቶሪው ራሱ ቢሳሳትስ? ቢታለልስ?

ለመሳሳቱ መከላከያ አለው። በየናሙናው መካከል ወርቅ እንደሌለው የታወቀ ባዶ ድንጋይ ይገባል፤ እርሱ ወርቅ ካሳየ ዕቃው ቆሽሿል ማለት ነው። ይዘቱ አስቀድሞ የተረጋገጠ ማመሳከሪያ ዱቄት ይገባል፤ ቁጥሩ ከተባለው ከራቀ የዚያ ቀን ሥራ ይደገማል። ከአንዱ ናሙና ጥንድ ተወስዶ በተለያየ ቁጥር ይላካል። ይህን የሚያደርገው ላቦራቶሪው ብቻ አይደለም፤ ናሙናውን የላከው ሰውም ላቦራቶሪው ሳያውቅ ያስገባል። አይኤስኦ 17025 የሚባለው የላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ መስፈርትም የላቦራቶሪውን ብቃት የሚመዝን ነው።

መታለሉ ግን ከላቦራቶሪው በር ውጭ የሚፈጸም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጋለጠው የብሬ-ኤክስ ቅሌት እስከ ዛሬ ማስተማሪያ ነው። ይህ የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ፣ ቦርኒዮ ደሴት፣ ቡሳንግ በተባለ ቦታ እጅግ ግዙፍ ወርቅ አገኘሁ ብሎ የአክሲዮኑ ጠቅላላ ዋጋ ከ6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ላቦራቶሪዎቹ የለኩት ወርቅ በእርግጥም ከረጢቱ ውስጥ ነበር፤ ችግሩ ወርቁ ከተራራው አለመውጣቱ ነው። የወንዝ ወርቅ ናሙናው ላይ ተነስንሶበት ነበር። በዓለም ላይ የተለመደው አሠራር ከመሬት የወጣውን የድንጋይ ምሰሶ ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ማስቀመጥ ነው፤ እነርሱ ግን ሁሉንም አድቅቀው ልከው ስለነበር መልሶ የሚፈተሽ ነገር አልተረፈም። በመጨረሻ ገለልተኛ ባለሙያዎች ራሳቸው ቆፍረው፣ ናሙናውን ራሳቸው አሽገው ሲያስመረምሩ የሚያዋጣ ወርቅ አልተገኘም። የተራ ሠራተኞች የጡረታ ገንዘብ ሳይቀር አብሮ ጠፋ።

በጎንደር ዙሪያስ ምን መጠበቅ ይገባል?

ጎንደርና ደጋው የተሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሥር ፈስሶ በተደራረበ እሳተ ገሞራ ነው፤ የሰሜን ተራሮችም ከዚያው ዘመን የእሳተ ገሞራ ሥራ የተረፉ ናቸው። በኢትዮጵያ የታወቁት የወርቅ ቦታዎች፣ እንደ ጉጂው ለገደምቢና እንደ ቤንሻንጉል ጉሙዙ ኩርሙክ ያሉት፣ የሚገኙት ከዚህ እጅግ ቀድሞ በተፈጠረ አሮጌ አለት ውስጥ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ አሮጌውን አለት በብዙ ቦታ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ስለዚህ ከደጋው ጥቁር ድንጋይ ላይ ከፍተኛ የወርቅ ቁጥር የያዘ ወረቀት ካየሁ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ይህ ድንጋይ በእርግጥ ከዚህ ነው የመጣው?" የሚለውን ነው። ጭልጋ ያለው የድንጋይ ከሰል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ የሚመረመረው በአመዱ፣ በእርጥበቱና በሚሰጠው ሙቀት ነው።

ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ ምን ልጠይቅ?

ናሙናውን ማን፣ ከየትኛው ቦታ፣ በምን አኳኋን እንዳነሣው ይጠየቅ። ስንት ናሙና እንደተመረመረ፣ ዝቅተኛ የወጡት ውጤቶችም አብረው ይታዩ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ከሃያ ውጤት መካከል የተመረጠ አንድ ወረቀት ከምንም አይቆጠርም። መለኪያው መቶኛ ነው፣ ፒፒኤም ነው ወይስ ፒፒቢ? ምርመራው በእሳት ነው፣ በአሲድ ነው ወይስ በኤክስሬይ? ከቁጥሩ ፊት "ከዚህ ያነሰ" የሚል ምልክት ካለ መሣሪያው አላየሁም ማለቱ ነው፤ "ከ0.01 ያነሰ" የሚለውን 0.01 ብሎ ማንበብ አይገባም። የተረፈው ዱቄትና ግማሹ ድንጋይ ታሽጎ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ገዢው በራሱ ወጪ ሌላ ላቦራቶሪ መላክ ይችላል። ባለንብረቱ ይህን ሲጠየቅ ከተቆጣ ንግግሩን እዚያው ማቆም ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ናሙናን በራስ እጅ አድርሶ ማስመርመር ድርሻ ገዝቶ ከመክሰር ይረክሳል።

ከወርቁ ጋር ምን አብሮ ይመጣል?

ብዙ ሰው ድንጋዩን ሲያስመረምር የሚጠይቀው ወርቁን ብቻ ነው። አብሮት ያለው እርሳስና አርሰኒክ ግን ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜን ናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት የመንደር ሰዎች ወርቅ ያለበትን ድንጋይ በግቢያቸው ያደቅቁ፣ በእህል ወፍጮም ይፈጩ ነበር። ድንጋዩ እርሳስ የበዛበት ነበር። አቧራው በየቤቱ ወለል፣ በምግቡና በሕፃናቱ እጅ ላይ አረፈ። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት አለቁ፤ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 400 እንደሚደርስ ተገምቷል። ወላጆቻቸው የሚያስፈጩት ነገር መርዝ እንዳለበት አላወቁም ነበር።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ምርመራ ከወርቁ ምርመራ ይቀልላል። የፕላዝማ መሣሪያ ከአንድ ብልቃጥ ሟሟ ብዙ ንጥረ ነገር ስለሚያነብብ ናሙና የሚልክ ማኅበር "እርሳስና አርሰኒክም ይታይልን" ብሎ ማመልከቻው ላይ ቢጽፍ ይበቃዋል። የኤክስሬዩ መሣሪያም ለእርሳስ በሚገባ ያገለግላል። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ድንጋይ በእህል ወፍጮ አይፈጭ፤ ከመኖሪያ ግቢ ውጭ ይሠራ፤ የሥራ ልብስ ወደ ቤት አይግባ። በሜርኩሪ የተያዘን ወርቅ በምድጃ ላይ ማቃጠልም ቤት ውስጥ በፍጹም አይደረግ፤ ትነቱ በዓይን ሳይታይ ሳንባ ይገባል፣ ነርቭን ይጎዳል፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።